በነጯ ፔጆ ውስጥ ወራጅ ያለው ማን ነው

አስቀድመን አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፣ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ፣ ይሄ ሥራ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ዕቃው በዓይን እስኪታይ ድረስ ማንም የሚለውን አለማመን ነው። በምሳ ሰዓት የቢሮ ልጆች አንዷ ጣሪያዋ ላይ ስለሚሰማ ኮቴ፣ ሌላው ሶደሬ መንገድ ላይ ሊፍት ጠይቃው መኪና ውስጥ ስለጠፋችበት ሴት ሲያወሩ፣ ‹‹ሴትየዋ የጠፋችው አንተን መስማት ሰልችቷት ነው›› እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነበርኩ። አሁን ተራው የእነሱ ነው፣ ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ሠርጋችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው፣ ደግሞ በጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ የአዳማ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት። ሀዊ ያን ጊዜ እጮኛዬ ነበረች፣ አሁን ባለቤቴ ናት። በአሰላ መንገድ ያለችው የደራ ልጅ ናት፣ አዳማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ተጫዋች ናት፣ ግን የከበዳት ነገር ሲኖር በሆዷ ትይዛለች እንጂ አታወጣውም። እሷ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፣ እንግዲህ ምን ያህል ሽማግሌ እንደተመላለሰና በሁለቱም ቤት ምን ያህል እንደተለቀሰ መገመት ትችላላችሁ፣ በመጨረሻ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን ድግሱን አንድ ላይ እናድርግ ተባለና እፎይ አልን። አባቷ ግን እሺ ከማለት አልፈው ‹‹እመጣለሁ›› የምትለዋን ቃል አላወጡም ነበር። እኔ ሀዊ በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ እፈራ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ሌሊት ያባንነኝ ነበር፣ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሷ ምን ትፈራ እንደነበር አላውቅም፣ አልጠየቅኋትም።

ታዲያ እኔ ላሮጌ መኪና ሟች ነኝ። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ አንድ አዛውንት ያረጁ መኪኖች ሰብስበው ሙዚየም ከፍተዋል፣ ለሠርግም ያከራያሉ ሲባል ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ሁሉ በሚጋልብበት አዲስ መኪና ከምንጋባ አያቶቻችን በሚያውቋት መኪና እንሞሸር ብዬ ሀዊን ለመንኳት፣ እሷም ሳቀችና እሺ አለች፣ ባጃጅ ይዘን በረርን።

አዛውንቱ ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ፣ ዕድሜያቸውን አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሀዊ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ ‹‹አካም ጅርቱ አባ›› ስትላቸው ፊታቸው በራ፣ ‹‹ነጋ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነጋ›› እያሉ እጇን ይዘው ቀሩ፣ ልጄ ብለው ነው የሚጠሯት፣ እኔን ከነመፈጠሬም ረሱኝ። እኔ ሰላም ስላቸው ግን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

‹‹ጮክ በል የእኔ ልጅ፣ ኤንትሬ ጆሮዬን በልታዋለች›› አሉኝ። ኤንትሬ ያ የድሮው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው፣ ሞተሩ ሲጮህ ጋቢናው ውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም ይባላል።

ከዚያ የቆርቆሮውን በር ገፉት። እመኑኝ፣ ልቤ ዘለለች። ጉብ ያለች ቢጫ ቮልስ፣ ከጎኗ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲ፣ ባለ ሸራ ላንድሮቨር፣ ጥግ ላይ ራሱ ኤንትሬው ግድግዳ የሚያህል ፊቱን ይዞ፣ ሁሉም ተወልውለው፣ የጎማቸው ጥቁር ቀለም ሳይቀር አዲስ ተቀብቶ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ፣ ኮፈን ስዳብስ፣ ስፖኪዮ ስነካካ፣ የመሪውን ክብ በመስኮት አጮልቄ ሳይ፣ ሀዊ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች።

‹‹እኔን አይተህ እንደዚህ ፊትህ በርቶ ያውቃል?›› አለችኝ።

‹‹አንቺ ባለ አራት ማርሽ አይደለሽም›› አልኳት፣ በቦርሳዋ መታችኝ።

ነጯን ፔጆ ያየናት ሁለታችንም እኩል ነው። 404 ናት፣ ከኋላ ክንፏ ትንሽ ሾል ያለ፣ ወንበሯ ቀይ ቡና ቆዳ፣ እንዲያው ሙሽራ የምትጠብቅ የምትመስል። ጋሽ ቶሎሳ ጣሪያዋን መታ መታ አደረጉና፣ ‹‹ይቺ የአሰላ መስመር ታክሲ ነበረች፣ ስንቱን ሰው ከናዝሬት አሰላ አመላልሳለች፣ ደራ ላይ ስትቆም ሰው ይጋፋባት ነበር›› አሉ።

‹‹እንግዲያው አባዬም ተሳፍሮባት ይሆናል›› አለች ሀዊ። አባቷን ያነሳችው ከብዙ ቀን በኋላ ነው፣ እኔም ልብ አልኩ።

‹‹ግቡና ተቀመጡባት፣ ሙሽሮች ባትሆኑ አላስገባችሁም ነበር›› አሉ ጋሽ ቶሎሳ። ‹‹ባትሪ ለጊዜው የላትም፣ አንዳቸውም የላቸውም፣ አሲዱ ብረት ይበላል ብዬ ሁሉንም አውጥቼዋለሁ፣ ለሠርጋችሁ ዕለት እገጥምላታለሁ። በቀኝ በኩል ግቡ፣ የግራው በር ታክሲ ሳለች ሰው ወደ አስፋልቱ እንዳይወርድ ተብሎ ተበይዷል።›› ይህን ብለው የውጭውን በር ገፍቶ ብቅ ያለ ሰው ስላዩ ወደዚያ ሄዱ።

እኔ ቀድሜ ገብቼ ወደ ግራው ጥግ ተንሸራተትኩ፣ ሀዊ ተከትላኝ ገብታ በሩን ሳበችው፣ እንደዛሬዎቹ ቀጭን ድምፅ አይደለም፣ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ወፍራም ድምፅ አለው። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሀዊ በመስኮት ለቮልሷ እጇን ታውለበልባለች፣ እኔ ለኤንትሬው እንደ ሙሽራ በጭንቅላቴ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዘፈን ጀመርን፣ ሲሰለቸን ዝም ብለን ተደግፈን ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ነገር መስታወቱ ነው። በእኔ በኩል ያለው መስታወት ስስ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሞተር ተነሥቶ መኪና ቆሞ ሲጠብቅ እንደሚያደርገው። በመንገዱ ከባድ መኪና አለፈ ብዬ ተውኩት፣ ግን አያልፍም፣ ቀጠለ። ቀጥሎ የቤንዚን ሽታ መጣ፣ ይሄም ይሁን፣ መኪና አይደለች? ከዚያ ግን የወንበሩ ስፕሪንግ በእኔና በሀዊ መካከል ሲጥ አለ፣ እኛ አልተንቀሳቀስንም። እውነት ለመናገር እስከዚህ ድረስ አልፈራሁም፣ እንዲያውም እየተዝናናሁ ነበር።

ብርሃኑ ነው ያስገረመኝ። የጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ ቀዳዳ ነበረው፣ በየቀዳዳው የገባው ፀሐይ ሀዊ ቀሚስ ላይ ነጠብጣብ ሠርቶ ነበር፣ ያ ነጠብጣብ ከፊት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፣ በዛፍ ጥላ ውስጥ እየተነዳን እንዳለን።

‹‹ሀዊ፣ እየሄድን ነው እኮ›› አልኳት እየሳቅኩ፣ ‹‹ደራ ልንደርስ ነው።››

እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቆመና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እኔም በራሴ በኩል ወደ ውጭ አየሁ። አፏን አላየሁም ማለት ነው፣ እሷም የእኔን አላየችም። ይህን ልብ በሉልኝ።

‹‹ወራጅ አለ።››

የሀዊ ድምፅ ነው። ታክሲ ውስጥ ሁልጊዜ ወራጅ የምትለው እሷ ናት፣ መጨረሻዋን ትንሽ ሳብ ታደርጋታለች፣ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ በዚህ እንኳን አልሳሳትም። ወዲያው ከፊት፣ ከመሪው ሥር፣ ፍሬቻው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ባትሪ በሌላት መኪና። የቀኙ በር ለቀቅ አለና ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሀዊ ወረደች።

በሩ፣ ፍሬቻው፣ ማን ግድ ይሰጠዋል፣ እኔ ያየሁት የሠርጌን መኪና ትታ የምትወርድ ሙሽራ ነው። በቃ፣ ይሄው፣ የፈራሁት መጣ አልኩ። እሷ ግን አልሄደችም፣ በሩን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

‹‹ውረድ እንጂ›› አለችኝ።

‹‹እኔ ለምን እወርዳለሁ?››

‹‹ወራጅ አለ አላልክም? እንድታልፍ ብዬ ነው የወረድኩልህ።››

ታውቁታላችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ጥግ የተቀመጠ ሰው ወራጅ ካለ በሩ ጋ ያለው ቀድሞ ወርዶ ያሳልፈዋል። ሀዊ ልታሳልፈኝ ነው የወረደችው። እኔ ጥላኝ ወረደች እላለሁ፣ እሷ እሱ ሊወርድ ነው ብላ መንገድ ለቅቃልኛለች።

‹‹አንቺ ነሽ እንጂ ያልሽው›› አልኳት።

‹‹ያንተ ድምፅ ነው የሰማሁት።››

‹‹ማርያምን አላልኩም።››

‹‹እኛ ቤት አይማልም፣ አላልኩም ካልኩ አላልኩም ነው።››

ፍሬቻው ይሄን ጊዜ ቆመ። መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም፣ ዝምታውን ነው የሰማሁት። ጋሽ ቶሎሳ በሩ ላይ ደርሰው፣ ‹‹ማነው የሚወርደው? ወራጅ ሲባል ሰማሁ›› አሉ። እኚህ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ ስሜን እንኳን ያልሰሙኝ ሰውዬ፣ ከውጭው በር ሆነው ሰምተዋል። ሄጄ ትከሻቸውን ያዝኩና ጆሯቸው ላይ ጮህኩ፣ ‹‹ጋሼ፣ የወንድ ድምፅ ነው የሴት?››

እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ሀዊን አዩዋት፣ ከዚያ ዓይናቸው በመካከላችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቆየ። ‹‹ልጄ፣ እኔ ሾፌር ነኝ›› አሉ። ‹‹ወራጅ ከተባለ ይቆማል፣ የማን እንደሆነ አይጠየቅም።›› ከዚያ ሳልጠይቃቸው ሄደው ኮፈኑን አነሡት። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው፣ አቧራው እንኳን አልተነካም።

ፔጆዋን አልተከራየናትም። አባቷ በመጨረሻው ሳምንት ደውለው እመጣለሁ አሉ፣ መጡም፣ ሀዊ ስታያቸው ያለቀሰችውን ልቅሶ አልረሳውም። ሠርጉ ሆነ፣ ደስ የሚል ሠርግ ነበር፣ እንደ ሰው በአዲስ መኪና ተጋባን።

አሁን ጣጣው የቱ ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ በእንደዚህ ዓይነት ነገር አላምንም ካልኩ፣ ድምፁን ያወጣችው ሀዊ ናት ማለት ነው፣ ልትወርድ ፈልጋ፣ ካለችም በኋላ ፈርታ ክዳለች። እሷም ካላመነች፣ ልወርድ የፈለግኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መኪናዋ ናት የተናገረችው ብዬ አምኛለሁ፣ ወድጄ አይደለም፣ ሌላ የማምነው ነገር ትዳሬን የሚያፈርስ ስለሆነ ነው። ታዲያ አንዳንድ ጊዜ ሀዊ ወደ መስኮት ዞራ ዝም ስትል አሁንም ልትወርድ ነው ብዬ እሰጋለሁ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር አስባለሁ፣ በእርግጥ እኔ አላልኩትም ወይ እላለሁ።

ለሰው ስናወራው ግን በጣም እንዝናናበታለን፣ እሷ ፍሬቻውን ታስመስላለች፣ እኔ በሩን፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማናል። ‹‹ድምፅ ሰማን›› ነው የምንለው፣ ከዚያ አናልፍም። ባለፈው ቅዳሜ የአክስቷ ልጅ ሌንሳ ከደራ መጥታ እራት በልተን ስንጨርስ፣ አውሩኝ አለች፣ አወራናት፣ እሷ ግን እንደሌሎቹ አልተወችንም።

‹‹ቆይ፣ ድምፁ የማን ነበር?›› አለች።

‹‹የሽማግሌ›› አልን፣ እኔና ሀዊ፣ እኩል፣ በአንድ አፍ።

አልተማከርንም፣ እመኑኝ፣ ሁለታችንም ያልሰማነውን ነው ያልነው፣ ድምፁ የማን ነው በሚለው ላይ ከዚያች እሁድ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን አውርተን አናውቅም። ሌንሳ እየሳቀች ጭንቅላቷን ያዘች፣ እኛም ሳቅን፣ ሀዊ ጠረጴዛው ሥር እጄን ፈልጋ አጥብቃ ያዘችው። ሌንሳ ከሄደች በኋላ ግን እሷ ሳህን እያጠበች እኔ እየተቀበልኩ እያደረቅኩ ብዙ ቆየን፣ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ሳህኑ አድርገን፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር እየጠበቅን።