ባንድ ቁልፍ ሁለት ቤት

ሞጣ። የገበያ ቀን።

ጨርቅ ነጋዴዋ ዘይዳ ከአቡጀዲው ጣቃ ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ነገር አውጥታ ራዲዮ ጠጋኙ ፋንታ እጅ ላይ አኖረች። ፊቱን አላየችም።

«ሁለት ብቻ?»

«ሦስተኛው መንገድ ላይ ተሰበረ ብሏል ኃይለ ጊዮርጊስ። በል ሂድልኝ ወንድሜ፣ ዛሬ ጆሮ ጠቢው እንደ ዝንብ ነው።»

ሄደ።

ዕቃዋ የክብሪት ቤት የምታክል ርካሽ የውጭ አገር ኮንትሮባንድ ናት። አምፖል ላይ ትታሰራለች። ቁልፉን በእጅ ይዘው ሲጫኑት ያለ ሽቦ፣ በራዲዮ ሞገድ ብቻ፣ መብራቱን ታደበዝዛለች፣ ታደምቃለች። የቢቸናው የደኅንነት ሹም ሻምበል አካለ ወልድ ለእንግዶቹ ሊኮራባት ፈልጎ ጠጋኝ አስጠራ። ጠጋኙ ፋንታ ግን መንግሥትን የሚወጋ የሽምቅ ድርጅት ሰው ነው።

በድርጅቱ ውስጥ የፋንታ የምሥጢር ስም «ጭላንጭል» ነው። ከስድስተኛ ክፍል አላለፈምና ዩኒቨርሲቲ የረገጡት አለቆቹ እየተሳሳቁ ያወጡለት ስም። ሳቃቸው እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሰው፣ የተማረ ሲስቅበት አላየም።

የትግል ጓዳቸው ይርጋነሽ በሻምበሉ ግቢ ዕቃ ቤት ታስራለች። ነገ ትረሸናለች። የበረንዳው መብራት ሁለት ጊዜ ሲደበዝዝ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያደፈጡት ታጋዮች በሩን ይሰብራሉ። ፈጽሞ ከጠፋ ይበተናሉ። ዕቅዱ የኃይለ ጊዮርጊስ ነው። እሱ የቢቸናው ኃላፊያቸው ነው፤ ባለ ዲግሪ።

ቢቸና። የከተማው ጄኔሬተር ገና መነሣቱ ነው።

ፋንታ አንዷን የሻምበሉ ሳሎን፣ አንዷን በረንዳው ላይ አሰራት። መብራቱ ይርገበገባል።

«ምን ያንቀጠቅጠዋል? ወባ ያዘው?» ሻምበሉ ሳቀ።

«ከዘንግ መብራት ጋር አትስማማም፣ ጓድ ሻምበል። ክቡን አምፖል ያስመጡልኝ።»

«ባትሠራ ዕቃ ቤት ቦታ አለ።»

አምፖሉ መጣ። ፋንታ ቀየረ፣ አጠበቀ፣ ቁልፉን ተጫነ።

ሳሎኑ ደበዘዘ። በረንዳው ደበዘዘ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤትም ደበዘዘ።

ፋንታ ወደ ማዶ ዞረ።

ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሁሉንም ባንድ ሞገድ ነው የሠሯቸው። አንዷን ያዘዘ ሁሉንም ያዛል። ተሰበረች የተባለችው ሦስተኛዋ ማዶ ተሰቅላለች! እንደ ሹም መብራት አምሮት የሰረቃት ሰው ደግሞ በመስኮቱ ይታያል፤ ኃይለ ጊዮርጊስ አፉን ከፍቶ አምፖሉን ያያል። ዙሪያውን ወታደሮች ክላሽ ታቅፈው ታጋዮቹን ይጠብቃሉ፤ ሸጧቸዋል።

ሻምበሉ ከኋላው ሽጉጡን አቀባበለ።

«ድገማታ፣ ጭላንጭል።»

አንድ ጊዜ ደብዝዟል። ሁለተኛው ታጋዮቹን ጥይት አፍ ውስጥ ይከታል።

«እሺ ጌታዬ።»

ቁልፉን እስከ መጨረሻው ተጫነው።

ጨለማ። እዚህም፣ ማዶም።

ሽጉጡ ጮኸ፤ ጥይቱ የፋንታን የግራ መዳፍ በጣጠሰው። ፋንታ ዞሮ ካቻቪቴውን እስከ እጀታው ሻምበሉ አንገት ላይ ሰካው። ትኩስ ደም ፊቱን አጠበው። ሻምበሉ እንደ ታረደ በግ ተንፈራገጠ፣ ረጋ።

የሻምበሉን ሽጉጥና ከወገቡ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ወታደሮቹ በድንብርብር እርስ በርስ ይታኮሳሉ።

«አትተኩሱ! እኔ ነኝ! ኃይለ ጊዮርጊስ ነኝ!»

ፋንታ ድምፁ ላይ ተኮሰ። ደገመው። ድምፁ ቆመ።

ዕቃ ቤቱን ከፈተ። የይርጋነሽ ውስጥ እግር በግርፋት ተተልትሏል።

«መራመድ አልችልም፣ ፋንትዬ። ተወኝ።»

«ማን ተራመጂ አለሽ? ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

በጓሮው አጥር ወጡ። ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጀርባው ላይ እንዳለች አለቀሰች።

«ኃይለ ጊዮርጊስ ዘይዳንም አሳልፎ ሰጥቷታል። ከሻምበሉ ጋር ሲስማሙ ሰምቻለሁ።»

ከገደሉ ሥር ለተሰበሰቡት ታጋዮች አስረከባት። ከአለቆቹ አንዱ፣ ባለ መነጽር፣ ተቆጣ።

«ማን አጥፋ አለህ? ሁለቴ ነበር የተባልከው!»

ፋንታ ደሙን ከፊቱ ታጥቦ፣ መዳፉን በጨርቅ ጠፍሮ፣ በሌሊት በሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ሞጣ ገሠገሠ።

ረፋዱ ላይ ደረሰ።

የሱቁ በር ተገንጥሏል። አቡጀዲው ጭቃው ላይ ተተርትሯል። ዘይዳ ከላዩ ላይ ተዘርራለች። ወታደሮቹ ማን እንደሚያለቅስላት ይጠብቃሉ። ማንም አላለቀሰም።

አንድ ሽማግሌ ወደ ፋንታ ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ታውቃት ነበር ወይ?»

አንዱ ወታደር ቀና አለ።

«የለም አባቴ። የት አውቄያት።»

ጎንበስ ብሎ የአንዱን ነጋዴ ጆንያ ጀርባው ላይ ጫነ፤ ከተሸካሚዎቹ ሰልፍ ገባ።

ስሙን የጠየቀው የለም።