ከአድማሱ ጋር የሮጠው

መብራቱ እስኪመጣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉት። አንተ ደግሞ ስልክህን አጥፋ፤ ይኼ በብርሃን የሚወራ ወሬ አይደለም።

ድሮ ነው። አድማሱ የሚባል ሰው ነበር። ሯጭ! እንደ እናንተ ጫማ የሚያማርጥ ሯጭ እንዳይመስላችሁ። አገር መልእክት ሲኖረው የሚልከው እሱን ነው። የሚሮጠውም ብቻውን ነው። «ኧረ ሰው አስከትል» ሲሉት «ማን ሊደርስብኝ?» ይላል። ትዕቢት!

ታዲያ ወንድሙ ጫኔ ሰው ገደለ። መኳንንት የሚባል ጎረምሳ፣ በድንበር ጠብ። ሽማግሌዎች ተራራውን ተሻግረው የሟችን አባት ዕርቅ ለመኑ። አድማሱም አብሮ ሄደ። ጫኔ እናቱ ቤት ተደብቆ ይጠብቃል። እሺ ካሉ ይተርፋል። እምቢ ካሉ ግን ሳይመሽ ወንዙን ተሻግሮ መሸሽ አለበት። ጊዜው ደግሞ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል።

የሟች አባት አለቀሱ፣ አለቀሱና «ይቅር ብያለሁ» አሉ። አድማሱ ብድግ አለ። ሽማግሌዎቹ «ቆይ፣ አብረን እንሄዳለን» ቢሉት መች ሰምቶ! ወንድሙ ነዋ!

ጀምበር ዘቅዘቅ ብላለች። መንገዱ ጭንጫ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቋጥኝ። ሦስት ዋሻ ያቋርጣል። ሮጠ። የመጀመሪያው ዋሻ ውስጥ ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ። ሮጠ፤ ኮቴውም ሮጠ። «ዋሻው ነው የሚያስተጋባው» አለ። እናንተስ ብትሆኑ እንደዚያ አትሉም? ትላላችሁ!

ከዋሻው ሲወጣ አንድ ሰው ከጎኑ ይሮጣል። ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል።

«እንዴት ዋልክ?» አለው አድማሱ።

«ዋልኩ።»

ዋልኩ! እግዜር ይመስገን የለ፣ አንተስ የለ! እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አድማሱ ጠረጠረ። ደግሞ ያን ሁሉ አቀበት ሲሮጥ ሰውዬው አያለከልክም።

ሁለተኛው ዋሻ ውስጥ ሰውዬው፣ «ምን ይዘህ ነው እንዲህ የምትበረው?» አለው።

መልእክት ለባለቤቱ እንጂ መንገድ ላይ አይነገርም። አድማሱ ይኼን አሳምሮ ያውቃል። ግን ይሉኝታ! አብሮት የሚሮጥን ሰው እንዴት ዝም ይበለው?

«የምሥራች ነው» አለ። «ለወንድሜ። የሟች ቤተሰቦች ታርቀውናል።»

«ወንድምህ የት ነው ያለው?»

«እናቴ ቤት። ከሾላው ሥር ያለችው ጎጆ ናት።»

ወይ አድማሱ! ቤቱን አሳየው እኮ!

ሦስተኛው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የገዛ እጅህ አይታይህም። ሰውዬው እዚያ ውስጥ ተናገረ። ድምፁ ከፊትም ይመጣል፣ ከኋላም ይመጣል።

«አባቴ ይቅር አለ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አድማሱ ደንግጦ ሊያመልጥ ሲል ድንጋይ አደናቀፈው። በአፍጢሙ ተደፋ። ኮቴው በላዩ ላይ አልፎ ሄደ። ወዴት? ወደ ፊት ነዋ፣ ወደ መንደሩ! አድማሱ እንደ ምንም ተነሣ። እያለቀሰ ሮጠ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም።

ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቱ ደጃፉ ላይ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል።

«እማዬ፣ ጫኔ የታለ? ታርቀዋል! ይቅር ብለውናል!»

እናቱ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምን ትላለህ ልጄ? አሁን መጥተህ ‹እምቢ ብለዋል፣ ወንዙን እኔ አሻግርሃለሁ› ያልከው አንተ አይደለህም? እጁን ይዘህ ወሰድከው እኮ!»