በእጅ አይነካ

«አመሰግናለሁ» አለ ዴርሊስ፣ የመጀመሪያዋን ጠጥቶ ዋንጫውን ሲመልስላት።

አራሴሊ ተቀበለችው። በወንዝ ዳሯ ከተማ በፒላር ልጆች በእረፍት ሰዓት ክብ ሠርተው ቴሬሬ፣ ያችን በረዶ የገባባት የቅጠል መጠጥ፣ ሲጠጡ አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው የደረሰውን ይጠጣል። አመሰግናለሁ ካልክ በቃኝ፣ ከዙሩ ወጣሁ ማለትህ ነው። ዴርሊስ ደግሞ አምስት ስድስት ሳይደግም የማይነሳ ልጅ ነበር። እሷ ስትቀዳ በመጀመሪያዋ ማመስገን ከጀመረ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

«አስመሳዩ ሄደ! ተልኳል በሉት!» አለ ኦስማር፣ የክፍሉ ቀልደኛ። ሁሉም ሳቁ። አራሴሊም ትንሽ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን በዋንጫው ሸፈነች።

ነገሩ የመጣው ከድረ ገጹ ነው። የኮምፒውተር ክፍል ልጆች ወንዙ ሲሞላ ዳር ዳሩን ለሚኖሩ ሰዎች በስልክ መልእክት የሚልክ ድረ ገጽ ሠርተዋል። አሠራሩን ያመጣው ዴርሊስ ነበር። እንደ ቴሬሬ አስቡት ይላቸው ነበር፤ ጠጪው ውሃ ልቅዳ፣ በረዶ ልፈልግ ብሎ አይነሳም፣ የሚያስፈልገው እጁ ላይ ይመጣለታል። የማስጠንቀቂያው ገጽም መልእክት ላኪውን ኮድ ራሱ አይሠራም፣ ከውጭ ይሰጠዋል። ስለዚህ ላኪው ሊቀያየር ይችላል። አንደኛው እውነተኛው ነው፣ የምር የሚልክ። ሌላኛው አስመሳዩ፣ ለሙከራ የተሠራ፣ «ተልኳል» ብሎ ጽፎ ለማንም የማይልክ።

ለማን ምን ይሰጥ የሚለው አንዲት የትእዛዝ ፋይል ላይ ይጻፋል። ከዛ ኮዱ ሲገነባ፣ ድረ ገጹ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ አንድ ፕሮግራም ትእዛዙን አንብቦ ሁሉንም የሚያገናኘውን ኮድ ራሱ ይጽፈዋል። የጎደለ ነገር ካለ እዚያው ይጮሃል። ራሱ የሚጽፈው ፋይል አናት ላይ ደግሞ በትልቁ «በእጅ አይነካ» የሚል አለ።

አራሴሊ ይሄ ሦስት ጊዜ ተነግሯታል። ሦስቴም ገባኝ ብላ ራሷን ነቅንቃለች። አልገባትም ነበር።

እንግዶች ድረ ገጹን ሊያዩ በመጡበት ጠዋት፣ አስመሳዩን አውጥታ እውነተኛውን ላኪ እንድታስገባ የታዘዘችው እሷ ነበረች። ትእዛዙ ላይ ሞከረች፣ እምቢ አላት። ዴርሊስ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጧል። ለአራተኛ ጊዜ መጠየቅ አሳፈራት። በእጅ አይነካ የሚለውን ፋይል ከፈተችና «አስመሳይ» የሚለውን አጥፍታ «እውነተኛ» ብላ ጻፈችበት። ሠራ። መልእክቱ እንግዶቹ ስልክ ላይ ገባ፣ ተጨበጨበላት። ነገ በደንብ አስተካክለዋለሁ አለች። ነገ የሒሳብ ፈተና ነበር። ከዛ ረሳችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዴርሊስ የቤት ቁጥር መጻፊያ ቦታ ጨመረና ኮዱን እንደገና ገነባው። ፕሮግራሙም እንደ ልማዱ ፋይሉን አዲስ አድርጎ ጻፈው። ትእዛዙ ላይ ያለው አሁንም አስመሳዩ ስለሆነ አስመሳዩን መለሰ። አልጮኸም፤ ምን ጎደለና ይጮሃል? በዚያው ሳምንት ወንዙ ሞላ። ድረ ገጹ በአረንጓዴ «ተልኳል» አለ። ማንም ጋ አልደረሰም።

ሰው አልተጎዳም። ወንዙ ዳር የሚኖሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ኤውሴቢያ ግን ከገበያ ሲመለሱ የስፌት መኪናቸው እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ አገኙት። «መልእክት ይመጣል ስላላችሁኝ ስልኬን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ነው የዋልኩት» አሏቸው ልጆቹን።

ፕሮፌ የሚሏቸው መምህርታቸው ኒሚያ የኮዱን የለውጥ መዝገብ ከፈቱ። እውነተኛ የነበረው አስመሳይ ሆኗል፣ አጠገቡ የዴርሊስ ስም አለ። ዴርሊስ ያቺን መስመር አልነካሁም አለ። ፕሮፌ አልተቆጡትም፣ እሱ ይብስ ነበር። በዋና ከተማው በአሱንሲዮን ለሚደረገው የኮምፒውተር ውድድር የእሱን ስም ሰርዘው የአራሴሊን ጻፉ። አውቶቡሱ የሚነሳው አርብ ጠዋት ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከእረፍት በኋላ ባዶ ሰዓት ነበራቸው፤ አራሴሊ ብቻዋን ኮምፒውተር ክፍል ገባች። በኮዱ ቅጂ ላይ ያችን መስመር እንደዛን ቀን በእጇ ቀየረችና እንደገና ገነባችው። ዓይን እስኪጨፈን አልፈጀም። የጻፈችው ጠፋ፣ አስመሳዩ ቦታው ላይ ነው። ደጋግማ ሞከረችው። ሦስቴ ተነግሯት ያልገባት አሁን ገባት።

በሩ ተከፈተ። ዴርሊስ የረሳውን ጃኬት ሊወስድ ነው የመጣው።

«ዴርሊስ» አለች። «ፋይሉን በእጄ የነካሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መዝገቡ ከተከፈተበት ቀን። ፕሮፌ ያዩት የመጨረሻውን ለውጥ ብቻ ነው። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ስምሽ አለ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣለ። «ነገ ትናገራለች አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ። ከዛ ኦስማር ሙድ ሲይዝብኝ ስትስቂ አየሁሽ።» በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። «አቦ፣ ብትጠይቂኝ ለአራተኛም ለአምስተኛም እነግርሽ ነበር እኮ። አንድ መስመር ነበረች።»

ሄደ። ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት ኮሪደሩ ላይ የእሱ ኮቴ ብቻ ነበር የሚሰማው።

የትእዛዙን ፋይል ከፈተች። እውነትም አንድ መስመር ነበረች። ጻፈቻት፣ ገነባችው፤ እውነተኛው ላኪ ገባ፣ ደግማ ስትገነባውም አልጠፋም። የለውጡ ማስታወሻ ላይ፣ ከስሟ አጠገብ፣ «በፊት የፕሮግራሙን ፋይል በእጄ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ዴርሊስ ጥፋት የለበትም» ብላ ጻፈች። ቆይታ አሰበችው። ማስታወሻ ማን ያነባል?

ከቦርሳዋ የውድድሩን ወረቀት አወጣች። የዴርሊስ ስም በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዞ የእሷ ከላዩ ተጽፏል። ይዛው ፕሮፌ ኒሚያ ቢሮ ሄደች። ውስጥ ሰው አለ፣ ጠብቂ አሏት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ክፍል ገቡ፣ ኦስማርም ሲያልፍ ምን ትሠሪያለሽ ነይ እንጂ አላት።

አልተነሳችም።