ጉም ላይ የቆመው አገር

ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው የጀመረው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ድምፄን ሳላሰማ ነው የምስቀው እንጂ እስቃለሁ፣ የተማርኩትም ጂኦግራፊ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አስተማሪያችን የድሮ የባሕር ካርታዎች አሳይተውን ነበር፣ መርከበኞች ጉም ውስጥ አየን ያሏቸው ደሴቶች ስም ወጥቶላቸው ተስለውባቸዋል፣ ኋላ ሰው ሄዶ ሲፈልጋቸው ውሃ ብቻ ሆኖ ተገኘና አንድ በአንድ ተፋቁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም።

አክስቴ እትዬ አስካለ የሚኖሩት ጓሳ ዳር፣ መሬቱ ወደ ቆላ ከሚናድበት ገደል አጠገብ ነው። ባላቸው ጋሽ ደምሴ የጠፋች በቅሎ ፍለጋ ወደ ገደሉ እንደወረዱ ቀሩ፣ ሦስት ዓመት አለፋቸው፣ ሬሳም አልተገኘ። ዘመድ ሁሉ "ፍትሐት ይደረግላቸው" እያለ ቢወተውትም እትዬ እምቢ ብለው ኖሩ። ያን ዕለት ግን እጄን ይዘው አፋፉ ላይ ወሰዱኝ፣ ዓይናቸውን ሞራ ስለያዘው ሩቅ አያዩም።

"ያ ስልክሽ አገሩን ሁሉ ያያል አይደል? የኔን ሽማግሌ ብቻ ነው ያላየው" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው፣ "ከዚህ ማዶ ሰው የሚኖርበት አገር አለ? የለም ካልሽኝ ነገ ለቄሱ ይነገር።"

ስልኬ ላይ ካርታውን አየሁ። ገደል ብቻ።

"የለም እትዬ።"

ይህን ብዬ ቀና ስል ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ገደሉን ሞልቶታል፣ እሱስ የተለመደ ነው፣ መሐሉ ላይ ግን አምባ ቆሟል፣ እመኑኝ፣ ስንት ጊዜ እዚያው ቆሜ አይቼው የማላውቀው አምባ፣ ቢጫ የገብስ ማሳና ጭስ የሚወጣው ቤት ያለበት። ውሻ ጮኸ። አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል፣ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰኝ፣ የእውነት ሩቅ ያለ ነገር እንደሚሆነው። ሰውየው መጥረቢያውን ትቶ ቀና አለና አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ዞረ። ጋሽ ደምሴ ሲደክማቸው እንዲያ ነበር የሚቆሙት።

"ሰማሽ?" አሉ እትዬ ክንዴን ጨምቀው። "ምን ይታይሻል አንቺ ልጅ?"

እነዚያ መርከበኞች ትዝ አሉኝ። ጉም ውስጥ ላየሁት ጭስ ብዬ እሳቸውን ገደል ለገደል ላንከራትት? ከዚያም በላይ፣ ባወራው ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ፣ እውነቱ ይኼ ነው።

"ጉም ነው እትዬ።"

"ድምፁስ?"

"የመንደር ነው፣ ነፋስ አዙሮት።"

"እንግዲያው ያንቺን ዓይን ልመን" አሉና ሦስት ዓመት ሙሉ አላዘቀዝቅም ያሉትን ነጠላ አዘቅዝቀው ለበሱ። ዞር ብዬ ሳይ ሰውየው እጁን ከወገቡ አላወረደም፣ እንደቆመ ጉሙ ሸፈነው። ቤት እስክንደርስ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ፣ መጥረቢያው ዳግመኛ አልተሰማም፣ ቆሞ የሚያየን ይመስል።

ጠዋት ገደሉ እስከ ታች ወለል ብሏል፣ ምንም የለበትም፣ ይህም አላሳረፈኝም። እትዬ ልከውኝ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

"የክርስትና ስማቸው ማነው?" አሉኝ ቄሱ።

"ወልደ ሰንበት" አልኩ።

"አልሰማሁሽም ልጄ፣ ጎላ አድርጊው።"

ጎላ አድርጌ ደገምኩላቸው።