ሽማግሌ የተላከበት ሽቦ

በሉ ተጠጉ። መብራቱ እንደሆነ ሄዷል፤ ስታፈጡበት አይመጣም። ዝናቡም አባርቷል፤ ውጭ መቀመጥ ይቻላል። አሰግድ፣ አንተም ከዚያ ወንበር ላይ ውረድ። ያ በአጥሩ ላይ የሚያልፍ የመብራት ሽቦ ዛሬ ማታ በፌስታል ካልተጠቀለለ ግቢው አይፈርስም። ምን አልከኝ? «እትዬ ደብሪቱ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ አሁን እጨርሳታለሁ»? እንግዲያው እዚያው ቆመህ ስማ። እጅህን ግን ሰብስብ፤ እኔ ሳልጨርስ እንዳትነካው።

ጆሯችሁን ስጡኝ። ሰጠን በሉ። አልሰማሁም! እንዲህ ነው።

አንድ ሰው ነበር። አገሩን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ አሁንም አሉ። ባለ ወፍጮ ነው፤ እንግዳሸት ይባላል። ወፍጮ ቤቱ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ። ያኔ ኮረንቲ በፈረቃ ነበር። ለዚያ መንደር የደረሰው ፈረቃ ደግሞ የሌሊቱ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሲመጣ ሚስቱ ቀድማ ሄዳ በሩን ትከፍታለች፣ ቋቱን ትጠርጋለች፤ እሱ እህሉን አስጭኖ ይደርሳል። ከዚያ እሷ ትመለሳለች፤ እሱ ይፈጫል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከማን ጋር? ብቻውን። በዘጠኝ ሰዓት ማን ይሄዳል? ጅቡ እንኳ ጠግቦ የገባበት ሰዓት ነው።

መንገዱ በሽቦው ሥር ነው። ሽቦው ከመጨረሻው ምሰሶ ይነሣና በሦስት ባሕር ዛፎች ላይ እየተንጠለጠለ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ከበሩ አናት ላይ ቆርቆሮው ተበስቷል፤ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚገባው። ይቺን ቀዳዳ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሽቦው ሲዘረጋ ለአንዲት አምፖል ነበር። እንግዳሸት ወፍጮ ሰቀለበት። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሃያ ሁለት ዓመት። የሽቦው ጎማ ሲሰነጠቅ ፕላስተር ይለጥፋል። ፕላስተሩ ሙጫው ደርቆ ሲላጥ ፌስታል ይጠቀልላል። ሚስቱ «አዲስ ሽቦ ይገዛ» ስትለው ምን ይላል? «እየሠራ አይደለም እንዴ?» ይላል። ጣሪያው ሲያፈስ «ቤቱ ቆሞ የለም እንዴ?» ይላል። ጥርሱን ሲያመው «እያኘክሁ አይደለም እንዴ?» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አንድ ሌሊት ሞተሩን አጥፍቶ ወጣ። ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሸተተው። ምን ሸተተው? የተቃጠለ ጫማ። ጫማውን አየ፤ ጫማው ደህና ነው። «አንዱ ሞኝ ጎማ አቃጥሎ ይሆናል» አለ። በዘጠኝ ሰዓት ጎማ የሚያቃጥል ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም አያውቅም። ሄዶ ተኛ።

በማግስቱ ሌሊት ጤዛ ወርዷል። ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሰማ። ምን ሰማ? ጥዝዝዝዝ። ሲቆም ይቆማል፤ ሲሄድ ይከተለዋል። ጥዝዝዝዝ። «ትንኝ ነው» አለ። ሄዶ ተኛ።

በሦስተኛው ሌሊት አየ። ምን አየ? ሰማያዊ ነገር። እንደ ጥፍር ያህል፣ እሳት ያልሆነ፣ ኮከብ ያልሆነ። አንዱ ባሕር ዛፍ ላይ ብልጭ፣ ሁለተኛው ላይ ብልጭ፣ ሦስተኛው ላይ ብልጭ። ትንኝ ነው ለማለት አፉን ከፍቶ ዘጋው። ያን ሌሊት ሄደ እንጂ አልተኛም።

በአራተኛው ሌሊት አንድ ሰው መጣ።

ከሽቦው ላይ ነው የመጣው። እየተፈታ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወርዶ አያልቅም። መንገዱ ላይ ሲቆም እንግዳሸት ቀና ብሎ አየው፤ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። ጥቁር ካፖርት ለብሷል፤ ካፖርቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። በክርኑ ላይ ፕላስተር ተንጠልጥሏል። አንገቱ ላይ ፌስታል በፌስታል ላይ ተጠምጥሟል። እንግዳሸት ፈራ። በፍርሃቱ መሃል ግን አንዱን ፌስታል አወቀው።

«ይሄ የስኳር ፌስታሌ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ነው» አለው ከሽቦው የወረደው መንፈስ።

«እርስዎ ማነዎት?»

«የሽቦህ ጎማ ነኝ። መዳቡ ውስጤ ነው፤ ልብሱ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አቅፌ ይዤዋለሁ። አሁንስ ደከመኝ፣ እንግዳሸት።»

እንግዳሸት ጎማ መሆኑን ሲያውቅ ፍርሃቱ ቀለለው፤ «እርስዎ» ማለቱንም ተወው። «ምን ሠርተህ ደከመህ? ተሰቅለህ አይደል የምትውለው?»

«ተሰቅዬ! ቀን ፀሐዩ ከላይ ይጠብሰኛል። ሌሊት ወፍጮህ ሲዞር መዳቡ ከውስጥ ይግላል። ልጅ ሳለሁ ልስልስ ነበርኩ፤ ወዲህ ብታጥፈኝ ወዲህ፣ ወዲያ ብታጥፈኝ ወዲያ። ያ ልስላሴ በሙቀት ወጥቶ አለቀ። አሁን ቢያጥፉኝ እሰነጠቃለሁ። ስሰነጠቅ ደግሞ አንተ ፌስታል ይዘህ ትመጣለህ። ዝናቡን የከለከልክልኝ መስሎሃል፤ እርጥበቱ ግን ገብቶ ከሥሩ ይቀመጣል። መውጫውን የዘጋኸው አንተ ነህ።»

እንግዳሸት ምን ያለው ይመስላችኋል? አዎ። «ታዲያ እየሠራህ አይደለም እንዴ?» አለው።

መንፈሱ አለቀሰ። የጎማ እንባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁር ነው፤ ይጣበቃል።

«ስማ» አለው። «ሁሉም ቦታ ያመኛል፤ የባሰብኝ ግን አንገቴ ነው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የማልፍበት። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይፈገፍገኛል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል መዳቡን መያዝ አልችልም፤ ኮረንቲው ያመልጠኛል። አምልጦ የት ይሄዳል? ወደ በሩ። በሩን ማን ነው የሚከፍተው?»

«ሚስቴ ናት።»

«በጫማ ነው በባዶ እግሯ?»

«በባዶ እግሯ፤ ወንዙን ተሻግራ።»

«እርጥብ ነው ደረቅ?»

«እርጥብ ነው።»

«በል እንግዲህ» አለና ተጠቅልሎ ወደ ሽቦው ወጣ።

እንግዳሸት እየሮጠ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱን ቀስቅሶ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እሷም «ነገ አዲስ ሽቦ ግዛ» አለችው። ሌላ ምን ትበል? እሱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያስብ አደረና ጠዋት ምን አለ መሰላችሁ? «ይሄ ሽቦ ተቀይሞኛል። የተቀየመ ሰው ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላክበታል።»

አትሳቁ። እናንተ በዚያ መንደር ብትሆኑ ሽማግሌ ሆናችሁ ትሄዱ ነበር።

ሦስት ሽማግሌዎች ተጠሩ። አለቃቸው አያ ሸጋው ናቸው፤ ስንቱን የደም ጠብ ያበረዱ ትልቅ ሰው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ከሽቦው ሥር ቆሙ። እንግዳሸት ድንጋይ ተሸከመ። እንግዲህ አጥፊው ድንጋዩን እንደተሸከመ ከተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል አይደል? ወግ ነው። ታዲያ የሽቦ እግሩ የት ነው?

አንዱ ሽማግሌ «ወፍጮው ጋ ነው፤ ሥራ የሚሠራበት» አለ። ሌላው «ምሰሶው ጋ ነው፤ የመጣበት» አለ። «ሥራ በእጅ እንጂ በእግር ይሠራል ወይ?» ተባባሉ። ዱላ ተነሣ። ሊያስታርቁ መጥተው ተጣሉ! እንግዳሸት ድንጋዩን እንደተሸከመ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በመጨረሻ አያ ሸጋው «አንገቴ ቀዳዳው ጋ ነው ብሎ የለም እንዴ? እንግዲያው እግሩ ምሰሶው ጋ ነው» ብለው ፈረዱ። ሁሉም አደነቀ። ሕመሙ ያለው ወፍጮው በር ላይ፣ ልመናው ምሰሶው ሥር ሆነ።

እንግዳሸት ከምሰሶው ሥር ተደፋ። አያ ሸጋው ጀመሩ። «ጎማ ሆይ፣ ልጃችን አጥፍቷል። ለእኛ ብለህ፣ ለሽበታችን ብለህ፣ አንድ ክረምት ብቻ ታገሥለት።»

ሽቦው በነፋስ ተወዛወዘ።

«ስለ ፈጠረህ!»

ጥዝዝዝዝ።

«ጉሮሮውን እየጠረገ ነው» አሉ አያ ሸጋው።

ከዚያ በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድምፁ መጣ። «አባቶቼ፣ ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? ካላችሁ እሺ እላለሁ። እሺ የሚለው ግን አፌ ነው፤ ገላዬ ሽማግሌ አያውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ምን ሰሙ? «እሺ»ን ሰሙ። የቀረውን ማን ሰማ? ከኋላ ቆማ የነበረች ሚስቱ ብቻ። አያ ሸጋው ሽቦውን «ክፉ አይንካህ» ብለው መረቁት፤ እንግዳሸትን ከወደቀበት አነሡት፤ ሁሉም በደስታ ሊበላ ሄደ።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ኮረንቲው መጣ። ሚስትየዋ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«በሩን አትከፍቺም?» አላት።

«አልከፍትም። ዝናብ ጥሏል።»

«ሽማግሌ ፊት እሺ ያለ ነገር! ሰው ምን ይለናል? አያ ሸጋውን ልታሰድቢ ነው?»

«አልሄድም አልኩህ።»

«ፈሪ!»

እሷም ተናደደች። ተናደደችና «እንግዲያው አንተ ክፈተው!» አለችው።

ሳቀ። ጫማውን አውልቆ በብብቱ ያዘና እያፏጨ ወንዙን ተሻገረ። እሷ እልኋ ሲበርድ ሮጣ ተከተለችው። ወንዙ ዳር ስትደርስ ሸተታት። ምን ሸተታት? እናንተ ንገሩኝ። ልትጣራ አፏን ከፈተች። እሱ ዞር ብሎ አያት፤ «ይኸው፣ እሺ ብሎ የለም እንዴ?» አላትና በእርጥብ እግሩ ቆሞ እጁን በሩ ላይ አሳረፈ።

ጩኸት የለም። ከበሩ አናት ላይ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ጨለመ።

ከቀብሩ መልስ ሽማግሌዎቹ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ሽቦውን ሊወቅሱት ሄዱ። ተበጥሶ ጭቃው ላይ ተጋድሟል፤ ጎማው እንደ ቅርፊት ረግፏል። «ቃልህን በላህ!» አሉት አያ ሸጋው ዱላቸውን እየሰበቁ። «ካሳ ይክፈል!» ያለም ነበር። ሽቦው ምን ይበል? ነግሯቸው ነበራ።

ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ ትሉኝ ይሆናል። ያቺን ሚስት ታውቋታላችሁ። እትዬ ደብሪቱ ትሏታላችሁ። «አንተ ክፈተው» ያልኩት እኔ ነኝ። ይቆጨኛል። ይሄው ስንት ዘመኔ፣ አሁንም ይቆጨኛል። «ማናችንም አንክፈተው» ብል ምን ነበረበት?

በሉ አታልቅሱብኝ፤ አልጨረስኩም። አሁን ፀጥ በሉ። አሽትቱ እስቲ። የተቃጠለ ጫማ የሸተተው አለ? ጫማችሁን አትዩ! ቀና በሉ። የአጥሩ ቆርቆሮ እርጥብ ነው አይደል? ሽቦው የሚያልፈው በየት ነው? አሰግድ፣ እጅህ የት ነው? አሰግድ!

ውረድ! ውረድ አልኩህ!

ይኸው መብራቱ መጣ። አየኸው? ሰማያዊውን አየኸው? እጅህ የነበረበት ላይ ነው። በል ተነሥ፣ አልሞትክም፤ ከወንበር ነው የወደቅኸው። አንዳችሁ ቆጣሪው ጋ ሂዱና አጥፉት፤ ዛሬ በጨለማ እናድራለን። ፌስታሉን ወዲህ አምጣው። ነገ ጠዋት ባለሙያ ጠርተህ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታስቀይራለህ። «እየሠራ አይደለም እንዴ» የሚል ሰው በዚህ ግቢ እንዳልሰማ። ሽማግሌም እንዳትልኩብኝ።