በሁዳዴ የተበላው ቆቅ

ወፍ ሊያጠና ከአዲስ አበባ ወደ ደሃና የመጣው ምትኩ ድንኳኑ ውስጥ ተኮራምቶ ሞቶ ተገኘ። በራስጌው የብርዝ ዋንጫ፣ አጠገቡ የቆቅ አጥንት የሞላበት ሳህን ነበር። መቶ አለቃ ጓንጉል ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከሰቆጣ በበቅሎ ሲደርስ፣ የሟቹ ምግብ አብሳይ ይታየሽ እጇን በጠፍር ታስራ ጠበቀችው።

«መርዙ ከራሱ ቆርቆሮ የወጣ ነው» አሉት የቀዬው ባላባት ግራዝማች ወርቅአገኘሁ። «የወፎቹን ቆዳ ብል እንዳይበላው የሚቀባው ነው። ቆዳውን የገፈፈውን ቆቅ ሠርታ ስታበላው መርዙን ጨመረችበት።»

«ምን አበላሽው?» አላት ጓንጉል።

«ሽሮ ነዋ ጌታዬ! ሁዳዴ አይደል? መራዥ ከተባልሁ ከእንግዲህ ማን ከእጄ ይጎርሳል? በምን እኖራለሁ?»

«ደግሞ የከተማ ሰው ጾም ያውቃል!» ብለው ሳቁ ግራዝማች።

የደብሩ ቄስ አባ ገብረ ኪዳን ግን አልሳቁም። «ትናንት እንኳ አስቀድሶ ነው የሄደ። ከገደሉም ከገብሱ ማሳም የጠፋው ወፍ ሁሉ ይኸን የጽድ ጫካ ተጠግቷል፤ ምሳር እንዳይገባበት ለመንግሥት አመለክታለሁ ይለኝ ነበር።»

ጓንጉል ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ወፎቹ ጥጥ ተጎስጉሶባቸው በተርታ ተጋድመዋል። አንዱን ቆቅ አንሥቶ እግሩንና ክንፉን በጣቱ ዳበሰ። ሳህኑን አየ። ከዚያ የተገፈፈውን ቆቅ ይዞ ወጥቶ ሰዉን ሁሉ ከደጅ ሰበሰበ።

«ሟቹ ወፍ ሲገፍፍ የክንፉንና የእግሩን አጥንት ከቆዳው ጋር ነው የሚያስቀረው፤ ዳብሱት። የሳህኑ ቆቅ ግን እግሩም ክንፉም ሙሉ ነው። ስለዚህ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። አባ፣ በዚህ ሁዳዴ በአጥቢያው ሥጋ የሚበስለው በማን ቤት ነው?»

አባ ገብረ ኪዳን አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ አንድ ገበሬ መለሰ፦ «በግራዝማች ቤት። ለሕመማቸው ተፈቅዶላቸዋል።»

«ይታየሽ መግደል ብትሻ ሽሮው ይበቃት ነበር። አጥንቱን እዚህ ያስቀመጠው የሟቹን መጾም ያላወቀ ሰው ነው። ብርዙንስ ማን አመጣው?»

«ግራዝማች ናቸው» አለች ይታየሽ። «ውኃ ልቀዳ ስወርድ ቅል ይዘው ሲገቡ አይቻለሁ። ተናግሬ ነበር፤ ማን ሰማኝ?»

«የመርዙን ቆርቆሮ አውቀው የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት» አላቸው ጓንጉል ግራዝማችን። «መርዙን በብርዙ ሰጡት። ሲሞት ተመልሰው፣ ሰው በእሷ እንዲያሳብብ የማዕድዎን ትራፊ አጠገቡ አኖሩ።»

ግራዝማች ተነሡ። «አባቴ ያቆየልኝን የጽድ ጫካ ለጥንብ አንሳ ማደሪያ ልተው? ለወፍ!»

ፖሊሶቹ ወሰዷቸው። የይታየሽ ጠፍር ተፈታ። ሕዝቡ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሲበተን ወደ እሷ የቀረበ አልነበረም።

እሷም ለጓንጉል ውኃ በጣሳ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችለት። «ደክሞዎታል፤ ይጠጡ ጌታዬ።»

ተቀበላት። ጣሳው ከከንፈሩ ሳይደርስ ግን እጁ ቆመ፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ብቻ።

ይታየሽ አየችው። ጣሳውን ከእጁ ወስዳ፣ ውኃውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ ደፋችው።