ዜሮ የሚሉት ተጫዋች

ኤሞሪ ታልበርትን የማንሲ ከተማ ሰው «ዜሮ» ይለው ነበር። ለስድብ ብሎም አይደለም፤ እንዲሁ ስሙ ሆኖ ቀረ። በጋዜጣው የስፖርት ገጽ ላይ ከስሙ አጠገብ የምትሰፍረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ያቺው ነበረች። ሃያ ደቂቃ ይጫወታል፣ ላቡ ጠብ እስኪል ይሮጣል፣ ነጥብ ግን የለም። ሲቀናው ሁለት። ማንሲ ባለችበት በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ደግሞ ቅርጫት ኳስ አላውቅም የሚል ሰው አይገኝም። ፀጉር አስተካካዩም ነዳጅ ቀጂውም «ዛሬስ ስንት ልታገባ ነው፣ ዜሮ?» እያሉ ያሾፉበታል።

ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። በታችኛው ሊግ «አንጥረኞቹ» ለሚባለው ቡድን ሲጫወት አራት ዓመት ሆኖታል። እስከዚህ ዕድሜው ትልቁ ሊግ ያልጠራውን ሰው ከእንግዲህ ማን ይጠራዋል? የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ጫማውን ሰቅሎ፣ አጎቱ ጋ ኬንታኪ ሄዶ ጣሪያ ሊሠራ ቆርጦ ነበር።

ሊኔት ሃርግሮቭን ያገኛት በሳንቲም በሚሠራው የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። የካቲት ነበር፤ ውጭው በረዶ ብቻ። ከዚያ በፊት በሩቁ ያውቃታል። ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጀርባ እርሳስ ይዛ የምትቀመጥ፣ ቀና ብላ ሰው የማታይ የቡድኑ ቁጥር መዝጋቢ ናት። ያን ቀን ግን ቀና ብላ አየችው። አየችውና ዓይኗን አልነቀለችም።

«በይ ቶሎ በይውና ይውጣልሽ» አላት። «ዜሮ በይኝ።»

«ለምን ብዬ? ያንተ ቁጥር ዜሮ አይደለም።»

«ታዲያ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ያገባሁት ኮሌጅ እያለሁ ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ከልብስ ቅርጫቷ ውስጥ ሰማያዊ ደብተር አውጥታ ማሽኑ ላይ ዘረጋችው።

«አንተ ሜዳ ውስጥ ስትሆን ስንት እናገባለን፣ ስንት ይገባብናል? ቁጭ ስትልስ? ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሬ እየጻፍኩ ነው። አንተ ካለህ በአማካይ በዘጠኝ ነጥብ እንበልጣለን። ስትወጣ እንበለጣለን። ከቡድኑ አንደኛ አንተ ነህ፣ ኤሞሪ። የብራንት ቁጥር እንኳ ሦስት ነው።»

ብራንት ኮልቪን በየጨዋታው ሃያ አምስት ነጥብ የሚያገባ ኮከባቸው ነው። የኤሞሪም የልብ ጓደኛ ነው።

«ተይ እንጂ! ምን አድርጌ?»

«ብራንት ሲወረውር ተከላካዩን በደረቱ የሚገትርለት ማን ሆኖ ነው? ኳሷ ስትመለስ ረጅሙን ሰውዬ በጀርባው ገፍቶ ለሌላው የሚተውለትስ? ይህን ማንም አይጽፈውም። እኔ እጽፈዋለሁ።»

ያኔ ቁጥር እንደዛሬው በየሰው ኪስ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ነጥብ ያገባ ይጻፋል፤ ያላገባ አይጻፍም፤ በቃ። ኤሞሪ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ብዙ ቆየ። የገዛ እናቱ እንኳ «ልጄ፣ እዚያ ሜዳ ላይ በትክክል ምንድነው የምትሠራው?» ትለው ነበር እኮ።

«ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገባ» አለ በመጨረሻ።

«ልብስህ እኮ መድረቂያ ውስጥ ነው» አለችው ሊኔት፤ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችለት።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከሰዓት እሷ ቤት ነው። ከሳህኑ የሚበልጠውን የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ለሁለት ይቆርጡና የጨዋታ ካሴት ይከፍታሉ። እሷ ታቆመዋለች፣ ወደኋላ ትመልሰዋለች። «አየህ? እዚህ ጋ! አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄድክ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ ብራንት ገባ፤ ሕዝቡ ለብራንት አጨበጨበ።» ኤሞሪ ራሱን ያያል። ያቺ አንድ እርምጃ ቁም ነገር መሆኗን እሱም እስከዚያ ድረስ አያውቅም ነበር።

አንዳንዴ ቀና ሲል እያየች ያለችው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሱን ሆኖ ያገኛታል።

«ካሴቱ እኮ እዚያ ነው» ይላታል።

«እሱን አይቼዋለሁ» ትለዋለች። በሦስተኛው እሑድ ይህንኑ ብላ ሳመችው።

የኬንታኪ ጣሪያ ተረሳ። ጭራሽ ድፍረት አገኘና አንድ ቀን «ሊኔት፣ ይህን ደብተር ትልቁ ሊግ ውስጥ አንድ ሰው ቢያየው ይጠሩኛል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ይጠሩሃል» አለች። ይህን ስትል ደብተሩን እንጂ እሱን አላየችም። ኤሞሪ ይህን ያኔ ልብ አላለውም፤ ልብ ያለው በኋላ ነው።

መጋቢት ሲገባ ከምዕራብ ጠረፍ አንድ የትልቁ ሊግ ቡድን ብራንትን ወሰደው። ኤሞሪ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ጠዋት ሄዶ ዕቃውን መኪና ላይ ጫነለት። ብራንት አንቆ አቀፈው።

«ሊኔትን አመስግንልኝ፣ ወንድሜ። ባለውለታዬ ናት።»

«እሷ ምን አደረገች?»

«አልነገረችህም እንዴ? የነሱ ሰው ደውሎላት ነበር። ‹ነጥብ ስለማያገባ ሰው የማያየው፣ በቁጥር ግን ቡድኑን የሚያሸንፍ ተጫዋች አላችሁ ወይ?› ብሎ ጠየቃት። ጉደኛ ሰውዬ ነው፣ እንደሷ ቁጥር የሚወድ። ‹እንደዚያ ያለ የለንም፤ ያለን ብራንት ነው› ብላ የኔን ገጽ በፋክስ ላከችለት። እኔን እንኳ ላይወስዱኝ ነበር አሉ።»

ብራንት የዋህ ነው፤ ምን እንደተናገረ አልገባውም። የመኪናውን በር ዘግቶ እጁን እያውለበለበ ሄደ። ኤሞሪ ባዶ ካርቶን ታቅፎ በረዶው ላይ ቆሞ ቀረ።

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በእግሩ ሄዶ ቢሮዋ ገባ። ሊኔት እርሳስ እየቀረጸች ነበር።

«ደውለውልሽ ነበር?»

«እነማን?»

«ሊኔት፣ በናትሽ። ደውለውልሽ ነበር?»

እርሳሱን አስቀመጠች። «አዎ።»

«ምን ጠየቁሽ? ከአፍሽ ልስማው።»

«እንዳንተ ያለ ሰው አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኳቸው።»

በዚያች ደቂቃ እንኳ «ቀልዴን ነው» ብትለው ሊያምናት ዝግጁ ነበር።

«ለምን?»

«አባቴ አሠልጣኝ ነበር። ‹ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው› ብሎን ኦሪገን ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ እሱ ነው የታየኝ። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው፣ ኤሞሪ። ስለምወድህ ነው!»

«ሌላ ሰው ደብቀሽ ቢሆን ደግ። ብራንትን እኮ ዓይነ ስውርም ያየዋል፤ ሲያገባ ጩኸቱ ይሰማል። እኔን ግን የሚያሳየኝ ያ ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩ ዝም ካለ እኔ የለሁም። ይህን ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ!»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽ ነው የገደለኝ። ሕዝቡ ዜሮ የሚለኝ ሳያውቅ ነው። አንቺ ዘጠኝ መሆኔን እያወቅሽ ዜሮ አልሽኝ።»

ሊኔት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱም ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ግን አሠልጣኙ በኮሪደሩ ፊሽካ እየነፋ ስለመጣ ወደ ልምምድ ገባ። ያን ቀን ሰውነቱ ሜዳ ላይ ነበር እንጂ ልቡ አልነበረም።

ሊኔትን አልወቅስም የሚል ካለ ይሞክር፤ እኔ ወቅሻታለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችውንም መናገር አለብኝ። በማግስቱ የኤሞሪን ገጽ ለዚያው ሰውዬ ላከች። ከሥሩም «ስትጠይቁኝ ዋሽቻለሁ። የምትፈልጉት ሰው ይኸውና» ብላ ጻፈች። ሳያስፈቅዱ የቡድን ወረቀት መላክ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ለአለቃዋ ራሷ ሄዳ ተናገረች፤ ሥራዋንም በዚያው ተሰናበተች። ሳምንት ሳይሞላ ከምዕራቡ ቡድን ሁለት ሰው ተጎዳ፤ ለኤሞሪ ተደወለ። የአሥር ቀን ውል ብቻ ነው። አሥር ቀን ደግሞ ለእሱ ዕድሜ ልክ ነበር።

ሊሄድ ሲል አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ መጣች። ሰማያዊውን ደብተር ዘረጋችለት።

«ያንተ ነው። ውሰደው።»

ተቀበላት። እጇ በብርዱ ቀልቷል፤ ሊይዘው ከጅሎ ተወው።

«ስላደረግሽው አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው» አላት። «ግን ከንግዲህ ‹እወድሃለሁ› ባልሽኝ ቁጥር ‹ዛሬ ደግሞ ምን ደብቃኝ ይሆን› ማለቴ አይቀርም። እንደዚያ እየኖርኩ ልወድሽ አልችልም።»

«ይቅር ልትለኝ አትችልም?»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ማመኑ ነው እምቢ ያለኝ።»

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አላያትም። አንገቱ እንዳይዞር ሁለት መንገድ እስኪያልፍ ድረስ ራሱን እየታገለ ነበር።

የመጀመሪያ ጨዋታው እሑድ ከሰዓት ሆነ፤ በመላው አገር በቴሌቪዥን የሚታይ። አሥራ አንድ ደቂቃ አጫወቱት። ዜሮ ነጥብ። ግን ተከላካይ ገተረ፣ ረጃጅሞቹን በጀርባው ገፋ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ ለብራንት መንገድ ከፈተ። ሜዳ ላይ ሳለም ያገቡትንና የገባባቸውን በልቡ ይቆጥር ነበር፤ እንዳስተማረችው። ሲወጣ ብልጫው አሥራ ሦስት ነበር።

ሆቴሉ ሲደርስ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ወረቀት ሰጠው። ፋክስ ነው፤ አናቱ ላይ የላኪው የማንሲ ስልክ ቁጥር አለ። መሐሉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አሥራ አራት።»

«ተሳስታለች» አለ ኤሞሪ ጮክ ብሎ። ደስ ያለውም መሰለው።

ክፍሉ ገብቶ ቡድኑ የሰጠውን የጨዋታውን ካሴት ከፈተ። አንዷ ነጥብ ያመለጠችው እሱን ነው። ብራንት አንድ ነጥብ የምታሰጠውን የቅጣት ውርወራ ሲያገባ እሱ ጥግ ላይ አጎንብሶ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ብራንትን ሲያይ እሷ ማንሲ ተቀምጣ ክር የሚያስረውን ሰው ስትቆጥር ነበር። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያኔ አለቀሰ፤ የሳሙና ሰበብም አላስፈለገውም።

ወረቀቱን ይዞ ወደ ታች ወረደ።

«መልስ አለው?» አለው ሠራተኛው።

ኤሞሪ እስክሪብቶ ተቀብሎ ከቁጥሩ ሥር «ልክ ነሽ» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆየ። «ናፍቀሽኛል» የሚል ቃል እጁ ላይ ደርሶ ነበር፤ እውነትም ነበር።

«ሌላ የሚጨመር አለ?»

«የለም» አለና እስክሪብቶውን መለሰለት።